«አንኖውን ፕሮቶኮል»፦ ሃንድለሩ ጃሩ ውስጥ እያለ ጃቫ ያላየው ለምንድን ነው?

ኤረሩ አጭር ነው፤ «ማልፎርምድ ዩአርኤል ኤክሴፕሽን፣ አንኖውን ፕሮቶኮል፦ ሰነድ» ይላል። ጃቫ ላይ የራሱን ፕሮቶኮል (አድራሻ መጀመሪያ ላይ ከሁለት ነጥቡ በፊት የሚመጣ፣ እንደ «ኤችቲቲፒ» ያለ ስም) የጻፈ ሰው ይህን መልእክት ያውቀዋል። ክፋቱ ችግሩ የት እንዳለ አለመናገሩ ብቻ አይደለም፤ ሰውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራል። የዚህ ጉዳይ ባለቤቶችም መጀመሪያ የተጓዙት ወደዚያው ነበር።

ሲስተሙ የሰነድ ማኅደር ነው። ስካን የተደረጉ ፋይሎች ይቀመጡበታል። እያንዳንዱ ፋይል ዳታቤዙ ውስጥ አንድ አድራሻ አለው፤ መልኩም «ሰነድ://ማኅደር1/2009/04517» ዓይነት ነው። ኮዱ ላይ በላቲን ፊደል ነው የተጻፈው፤ እዚህ በፊደላችን ላስቀምጠው። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ማኅደሩ ነው፣ ከዚያ በእኛ አቆጣጠር ዓመተ ምሕረቱ፣ ከዚያ የፋይሉ ቁጥር።

ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች ጥሩ አስበዋል። ፋይሎቹ ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ቢዛወሩ ዳታቤዙ አይነካም። የትኛው ማኅደር የት ዲስክ ላይ እንዳለ የሚያውቀው ሃንድለሩ፣ ማለትም የዚህን ፕሮቶኮል አድራሻ ተቀብሎ ፋይሉን የሚከፍተው ኮድ፣ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ፣ ዩአርኤል የሚቀበል የሌላ ሰው ላይብረሪ ሁሉ ስለ ማኅደሩ ምንም ሳያውቅ ፋይሉን ከፍቶ ማንበብ ይችላል። ሪፖርት የሚያወጣው ላይብረሪ አርማና ፊርማ የሚያነበው በዚህ መንገድ ነበር።

አሮጌው ሲስተም በጃቫ 8 እና በቶምካት (የጃቫ ዌብ ሰርቨር) ላይ፣ በዋር ፋይል (የዌብ አፕሊኬሽን ጥቅል) ይሠራ ነበር። ሃንድለሩ ለብቻው በአንዲት ትንሽ ጃር (የጃቫ ክላሶች የታሸጉበት ፋይል) ተቀምጧል። አዲሱ ወደ ጃቫ 17 እና ስፕሪንግ ቡት 2.7 (አፕሊኬሽን መሥሪያና ማስነሻ ፍሬምወርክ) ተዛወረ፤ ሁሉ ነገር በአንድ ትልቅ ጃር ታሽጎ «ጃቫ ሰረዝ ጃር» ተብሎ ይነሳል። ዴቨሎፐሮቹ ላፕቶፕ ላይ አንድም እንከን አልነበረውም። ሰርቨሩ ላይ ሲጫን ግን የመጀመሪያው ሰነድ ሲጠራ ያ ኤረር መጣ።

አድራሻው ምንም አልሆነም

«ማልፎርምድ» የሚለውን ቃል ያየ ሰው አድራሻውን ይጠራጠራል። ቡድኑም እንደዚያ አደረገ። ዳታቤዙ ውስጥ ባዶ ቦታ ያለባቸውን አድራሻዎች ፈለጉ፣ እዝባር የጎደላቸውን ፈለጉ፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል አመሳከሩ። ከዳታቤዝ ዝውውሩ ጋር የገባ የማይታይ ፊደል ይኖር ይሆን ብለው ባይት በባይት ያዩም ነበሩ። ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩት ሰውዬም ተጠየቁ። «እኔ ከፋየርዎሉ ውጪ የነካሁት ነገር የለም» አሉ። እውነታቸውን ነበር።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያባክነው እዚህ ነው። ጃቫ አንድ አድራሻ ሲሰጠው መጀመሪያ ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለውን ስም ይወስዳል። ስም ካላገኘ «ኖ ፕሮቶኮል» ብሎ ያቆማል። ስም ካገኘ በዚያ ስም ሃንድለር ይፈልጋል። ሃንድለር ካጣ «አንኖውን ፕሮቶኮል» ይላል። ሁለቱም የሚመጡት በዚያው በማልፎርምድ ዩአርኤል ኤክሴፕሽን ስም ነው፤ ትርጉማቸው ግን ለየቅል ነው። «ኖ ፕሮቶኮል» ካለ አድራሻውን እይ። «አንኖውን ፕሮቶኮል» ብሎ ትክክለኛውን ስም ከጻፈልህ ግን አድራሻውን ተወው። ስሙን በሚገባ አንብቦታል፤ ያጣው ሠራተኛውን ነው። ፋየርዎልና ኔትወርክም በዚህ ደረጃ ቦታ የላቸውም፤ ጃቫ ገና ምንም ግንኙነት አልሞከረም።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው። ጃቫ ሃንድለሩን የት ነው የፈለገው?

ጃቫ የት የት ይፈልጋል?

ከጃቫ 9 ወዲህ ተራው ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ዩአርኤል ክላሱ ቀድሞ ያገኛቸውን ሃንድለሮች የያዘበትን መዝገብ ያያል። እዚያ ከሌለ፣ ለጠቅላላው ጄቪኤም (ፕሮግራሙን ለሚያሠራው የጃቫ ሞተር) የተመዘገበ ፋክተሪ (ሃንድለር ፈጥሮ የሚሰጥ ኮድ) ካለ እሱን ይጠይቃል። ፋክተሪው «አላውቅም» ካለ በሰርቪስ ሎደር (ስማቸው በፋይል የተመዘገበ ክላሶችን በሚፈልገው የጃቫ መሣሪያ) በኩል የተመዘገቡ አቅራቢዎችን ያያል። ከዚያ «ጃቫ.ፕሮቶኮል.ሃንድለር.ፒኬጂኤስ» የተባለውን የሲስተም ፕሮፐርቲ (ጃቫ ሲነሳ የሚሰጥ ቅንብር) ያነባል። በመጨረሻ ከራሱ ጋር ወደመጡት ይሄዳል፤ ኤችቲቲፒ፣ ኤፍቲፒ፣ ሜይልቱ፣ ጃር የመሳሰሉት እዚያ ናቸው። ጃቫ 8 ላይ የሰርቪስ ሎደሩ ደረጃ አልነበረም።

አሮጌው ሲስተም የተጠቀመው ፕሮፐርቲውን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ፕሮፐርቲው ውስጥ የፓኬጅ ስም ትጽፋለህ። ጃቫ በዚያ ላይ የፕሮቶኮሉን ስም ይጨምርና መጨረሻው ላይ «ሃንድለር» ብሎ ክላሱን ይጠራል። የክላሱ ስም የግድ «ሃንድለር» መሆን አለበት፤ ያለ አርጊውመንት የሚጠራ ፐብሊክ ኮንስትራክተርም ያስፈልገዋል። የፕሮቶኮሉ ስም የፓኬጅ ስም ስለሚሆን፣ ሰረዝ ያለበት ስም የመረጠ ሰው በዚህ መንገድ አይሄድለትም። የእኛው «ሰነድ» ሰረዝ የለውም። በዚህ በኩል ሰላም ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ፕሮፐርቲው በእርግጥ ገብቷል ወይ የሚለውን ነው። ማስነሻ ስክሪፕቱ ላይ መጻፉ አይበቃም፤ እየሠራ ያለው ጄቪኤም ምን እንደያዘ መጠየቅ ይሻላል። ለዚህ ጄሲኤምዲ የሚባለው ከጄዲኬ ጋር የሚመጣ መሣሪያ አለ። የፕሮሰሱን ቁጥርና «ቪኤም.ሲስተም ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጠው ሁሉንም ይዘረዝራል። መልሱ ፕሮፐርቲው እንዳለ አሳየ። የእነሱ ፓኬጅ አለ፣ ቀጥሎ ቋሚ መስመር አለ፣ ከዚያ የስፕሪንግ ቡት ሎደር ፓኬጅ አለ። ሁለተኛውን የጨመረው ስፕሪንግ ቡት ራሱ ነው። ጃር ውስጥ ያለ ጃር ማንበብ ስላለበት የራሱን የ«ጃር» ሃንድለር በዚያው ፕሮፐርቲ ያስገባል። ጨዋ ነው፤ ቀድሞ የነበረውን ሳይሰርዝ ነው የሚጨምረው።

ፕሮፐርቲው ትክክል ነው ማለት ነው። ጃሩን ከፍተን ስናይ ክላሱም «ቡት-ኢንፍ» ከሚለው ፎልደር ሥር፣ ከሌሎቹ ላይብረሪዎች ጋር ቁጭ ብሏል። ስሙ ልክ ነው፣ ኮንስትራክተሩ ልክ ነው። ጃቫ ግን የለም ይላል።

ማን ነው የሚጠየቀው?

መልሱ ያለው ዩአርኤል ክላሱ ሃንድለሩን በሚጠራበት መንገድ ላይ ነው። ፕሮፐርቲውን ተከትሎ ክላሱን ሲፈልግ ሁለት ቦታ ብቻ ይሞክራል። መጀመሪያ «ክላስ ፎርኔም» ይላል። ዩአርኤል ራሱ የጃቫ መሠረታዊ ክላስ ስለሆነ ይህ ጥሪ የሚሄደው ቡትስትራፕ ወደሚባለው ሎደር (ሎደር ክላሶችን ፈልጎ የሚጭን የጃቫ ክፍል ነው) ነው፤ እዚያ የእኛ ክላስ እንደማይኖር የታወቀ ነው። ካጣ ሲስተም ክላስ ሎደሩን ይጠይቃል። እዚያም ካጣ አለቀ። የአፕሊኬሽኑን ሎደር አይጠይቅም፣ የትሬዱንም ኮንቴክስት ሎደር (ለእያንዳንዱ የሥራ ክር የተመደበውን) አይጠይቅም።

የስፕሪንግ ቡት ትልቁ ጃር ሲነሳ ሲስተም ክላስ ሎደሩ የሚያየው የጃሩን የላይኛ ክፍል ብቻ ነው። እዚያ ያሉት የስፕሪንግ ቡት የማስነሻ ክላሶች ናቸው። የአፕሊኬሽኑ ክላሶችና ላይብረሪዎቹ በሙሉ የሚጫኑት ስፕሪንግ ቡት በሚፈጥረው «ላንችድ ዩአርኤል ክላስ ሎደር» ነው። ይሄኛው የሲስተሙ ሎደር ልጅ ነው። በጃቫ ደንብ ልጅ ወላጁን ይጠይቃል፤ ወላጅ ግን ልጁን አይጠይቅም።

ይህን በግምት መተው አልፈለግንም። ሜይን ሜተዱ ውስጥ ጥቂት መስመር ጨመርን። የሃንድለሩን ሙሉ ስም ይዞ ሁለት ሎደሮችን በተራ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ ሲስተም ክላስ ሎደሩን፣ ቀጥሎ የትሬዱን ኮንቴክስት ሎደር። ላፕቶፑ ላይ፣ ከአይዲኢ ውስጥ ሲነሳ፣ ሁለቱም «አለ» አሉ፤ ከታች የታተመው የሎደር ስምም ለሁለቱም አንድ ነበር። አይዲኢው (ኮድ መጻፊያው) ሁሉንም ላይብረሪ አንድ በአንድ ክላስፓዝ (ጃቫ ክላስ የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) ላይ ስለሚደረድረው ሁሉ ነገር በሲስተም ሎደሩ እጅ ነው። ያው ኮድ በትልቁ ጃር ሲነሳ የመጀመሪያው «ክላስ ኖት ፋውንድ» አለ፣ ሁለተኛው «አለ» አለ፣ ስሙንም «ላንችድ ዩአርኤል ክላስ ሎደር» ብሎ አተመ። ላፕቶፕ ላይ ሠርቶ ሰርቨር ላይ እምቢ ያለበት ምክንያት በሁለት መስመር ሎግ ተገለጠ።

ይህ ሁሉ እስኪሠራ ሎጉ ለምን ዝም አለ? ፕሮፐርቲውን የሚያነበው የጄዲኬ ኮድ የሚነሳበትን ኤክሴፕሽን በሙሉ ይይዝና ምንም ሳይል ያልፋል። ሶርስ ኮዱ ላይ እዚያ ቦታ የተጻፈው አስተያየት «እዚህ ብዙ ዓይነት ኤክሴፕሽን ሊነሳ ይችላል» የሚል መንፈስ ያለው ነው። ሊነሳ ይችላል፤ ግን አንዱም አይነገርህም። ክላሱ ቢጠፋ፣ ኮንስትራክተሩ ፕራይቬት ቢሆን፣ ኮንስትራክተሩ ውስጥ ነል ፖይንተር ቢነሳ፣ ለተጠቃሚው የሚደርሰው ያው «አንኖውን ፕሮቶኮል» ነው። ይህ በእኔ እይታ የጄዲኬው መጥፎ ውሳኔ ነው። ቢያንስ ምክንያቱን ከኤክሴፕሽኑ ጋር አያይዞ መላክ ይችል ነበር።

አሮጌው ሲስተም ለምን እንደሠራም አሁን ግልጽ ሆነ። ቶምካቱ ማስነሻ ላይ «ሴትኢኤንቪ» በሚባለው ስክሪፕት አንድ ሰው የሃንድለሯን ጃር ክላስፓዙ ላይ ጨምሯታል። ይህ ማለት በሲስተም ሎደሩ ትታያለች ማለት ነው። ያ ሰው ጉዳዩን ጠንቅቆ ያውቅ እንደነበር ያስታውቃል። ጃሯን ቶምካቱ ሊብ ፎልደር ውስጥ ቢጥላት ኖሮ አትሠራም ነበር፤ ያ ፎልደር የሚነበበው በሌላ ሎደር፣ የሲስተሙ ልጅ በሆነው ነው። ስክሪፕቱ ግን ምክንያቱን የሚናገር አንድ የአስተያየት መስመር አልነበረውም። ወደ አዲሱ ሲዛወሩ ፕሮፐርቲው ተገለበጠ፤ የክላስፓዟ መስመር ቀረች።

ያልሠሩ መንገዶች

ቀላሉ ሐሳብ ያቺን መስመር መመለስ ነበር። አንደኛው ልጅ «ሰረዝ ሲፒ» ብሎ ጃሯን ከትእዛዙ ላይ ጨመረ። ምንም ለውጥ የለም። ጃቫ በ«ሰረዝ ጃር» ሲነሳ «ሰረዝ ሲፒ»ን ፈጽሞ አይሰማም፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ሁለቱንም ጃር ክላስፓዝ ላይ አድርጎ የስፕሪንግ ቡትን ማስነሻ ክላስ በስሙ መጥራት ይቻላል። ያ ይሠራል። ግን ሌላ ችግር ይወልዳል። ሃንድለሩ ወደ ሲስተም ሎደሩ ከወጣ ትልቁ ጃር ውስጥ ያሉትን ላይብረሪዎች ማየት አይችልም። የእነሱ ሃንድለር ደግሞ ፋይሎቹን የሚያመጣው ከአዲሱ የማከማቻ ሰርቨር በአንድ ላይብረሪ በኩል ነው። ስለዚህ አድራሻው ይፈጠራል፣ ፋይሉ ሲከፈት ግን «ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ» ይመጣል። ላይብረሪውን ከነተከታዮቹ ሁሉ ወደ ውጭ ማውጣት ይጠይቃል። ይህን ተውነው።

ሌላዋ ልጅ የጃቫ 9ን መንገድ አመጣች። «ዩአርኤል ስትሪም ሃንድለር ፕሮቫይደር» የሚባለውን ክላስ ወርሳ፣ ስሙን «ሜታ-ኢንፍ» ሥር ባለው የሰርቪስ ፋይል ጻፈች። ዘመናዊና ንጹሕ መንገድ ነው። ፓኬጁ የፈለገው ስም ቢኖረው፣ ፕሮቶኮሉ ሰረዝ ቢኖረው ግድ አይሰጠውም። ላፕቶፕ ላይ ፕሮፐርቲው ጠፍቶም ሠራ። በትልቁ ጃር ግን ያው «አንኖውን ፕሮቶኮል»። ምክንያቱም ዩአርኤል ክላሱ ሰርቪስ ሎደሩን የሚጠራው ሲስተም ክላስ ሎደሩን ይዞ ነው። የሰርቪስ ፋይሉ ያለው በልጁ ሎደር ውስጥ ነው። በሩ ተቀየረ፤ ዘበኛው ያው ነው።

ሁለቱም ሙከራዎች ጥሩ ነገር አስተማሩን። ፕሮፐርቲውም ሰርቪስ ሎደሩም የሚያልፉት በሲስተም ሎደሩ ነው። ክላሱን በስም ከሚፈልጉ መንገዶች መውጣት አለብን። ሃንድለሩን በስሙ ሳይሆን በአካል፣ የተፈጠረውን ኦብጀክት ለጃቫ ማስረከብ የሚቻልበት መንገድ ያስፈልገናል።

አንድ ቦታ፣ ብዙ ፈላጊ

ያ መንገድ ፋክተሪው ነው። ዩአርኤል ክላሱ ላይ «ሴት ዩአርኤል ስትሪም ሃንድለር ፋክተሪ» የሚባል ሜተድ አለ። ፋክተሪህን ትሰጠዋለህ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ፕሮቶኮል ሲመጣ እሱን ይጠይቃል። ፋክተሪው የተፈጠረው በአፕሊኬሽኑ ኮድ ስለሆነ የሎደር ጣጣ የለበትም።

አንድ ሕግ ግን አለው። በአንድ ጄቪኤም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠራው። ሁለተኛ ሲጠራ «ፋክተሪ ኦልሬዲ ዲፋይንድ» ብሎ ይወድቃል። የሚወረውረውም ኤክሴፕሽን ሳይሆን «ኤረር» ነው። «ካች ኤክሴፕሽን» ብሎ የጻፈ ሰው አይዘውም።

ቡድኑ ሜይን ውስጥ፣ ስፕሪንግ ከመነሳቱ በፊት፣ ፋክተሪውን አስመዘገበ። አፕሊኬሽኑ ጭራሽ አልነሳ አለ። መልእክቱ ያው «ፋክተሪ ኦልሬዲ ዲፋይንድ» ነው። ስታክ ትሬሱን ወደ ታች ስናነብ የጠራው የእነሱ ኮድ አይደለም። ቶምካት ነው። ስፕሪንግ ቡት ውስጡ ይዞት የሚመጣው ቶምካት ሲነሳ የራሱን ፋክተሪ ያስመዘግባል፤ «ዋር» እና «ክላስፓዝ» የሚሉ የራሱ ፕሮቶኮሎች አሉት። የእነሱ ቀድሞ ቦታውን ስለያዘ ቶምካቱ ወደቀ። ከዚህ በፊት ከሃዱፕ (ትልልቅ ዳታ የሚያከማችና የሚያቀነባብር ሲስተም) ጋር የሠሩ ሰዎች ይህን ግጭት ያውቁታል፤ ሃዱፕም ለኤችዲኤፍኤስ (ለራሱ የፋይል ሲስተም) አድራሻዎች የራሱ ፋክተሪ አለው፣ ከቶምካት ጋር ሲገናኝ ያው ነገር ይፈጠራል።

ቶምካት ለዚህ ሁለት መውጫ አዘጋጅቷል። አንደኛው የራሱን ፋክተሪ «ዲሴብል» ማድረግ ነው፤ ከዚያ ቦታው ለአንተ ይለቀቃል፣ ግን የቶምካቱ ፕሮቶኮሎች አይሠሩም። ሁለተኛው «ቶምካት ዩአርኤል ስትሪም ሃንድለር ፋክተሪ» ላይ «ጌት ኢንስታንስ» ብሎ፣ ቀጥሎ «አድ ዩዘር ፋክተሪ» በሚለው ሜተድ የራስን ፋክተሪ ከእሱ ሥር ማስገባት ነው። ቶምካት መጀመሪያ የራሱን ፕሮቶኮሎች ያያል፣ ካልሆነ ወደ ተጨመሩት ይሄዳል። የመረጥነው ሁለተኛውን ነው። ለቅድሚያ መጨነቅም አያስፈልግም። «ጌት ኢንስታንስ» ሲጠራ ፋክተሪው ካልተመዘገበ ያኔውኑ ይመዘገባል። ሜይን መጀመሪያ ላይ ቢጠራም ቶምካቱ በኋላ ሲነሳ መመዝገቡን አይቶ ያልፋል።

ፋክተሪ የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር በጥብቅ ይያዝ። የማያውቀው ፕሮቶኮል ሲመጣ ነል (ባዶ) መመለስ አለበት። የመጀመሪያው የፋክተሪ ኮድ ስሙን ሳያይ ለመጣው ሁሉ የሰነድ ሃንድለሩን የሚመልስ ነበር። ፋክተሪ ሲመዘገብ ጃቫ ቀድሞ የያዘውን የሃንድለር መዝገብ ያጸዳል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የ«ጃር» እና የ«ኤችቲቲፒኤስ» ጥያቄም ወደዚያው ፋክተሪ ይመጣል። የ«ጃር»ን ጥያቄ የሰነድ ሃንድለር ከተቀበለው ስፕሪንግ ቡት ቀሪ ክላሶቹን መጫን አይችልም። ኤረሩም ከሰነድ ጋር ምንም የማይገናኝ ይመስላል። ኮዱ ሲገመገም ተይዞ ተስተካከለ፤ አንዲት «ኢፍ» ናት። ነል ሲመለስ ጃቫ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ ይሄዳል፣ የስፕሪንግ ቡትን የጃር ሃንድለርም በፕሮፐርቲው በኩል ያገኘዋል።

ሰነዶቹ ተከፈቱ።

ከዚያ ዘገየ

ተከፈቱ፣ ግን የዕለቱን ዝርዝር የሚያወጣው ገጽ እንደ ኤሊ ሆነ። እዚህ ያለው ነገር ከመጀመሪያው ችግር የተለየ ነው፤ የራሱን ፕሮቶኮል የሚጽፍ ሰው ሁሉ ግን ሊያውቀው ይገባል።

ገጹ እየተጎተተ ሳለ በጄስታክ (የትሬዶችን ሁኔታ በሚያሳየው መሣሪያ) ትሬዶቹ ምን እያደረጉ እንደሆነ አየን። ከላይ ወደ ታች ሲነበብ እንዲህ ነው፦ ከሁሉ በላይ የኢኔት አድራሻ ፍለጋ፣ ማለትም ዲኤንኤስ (የሰርቨር ስምን ወደ አይፒ የሚቀይር አገልግሎት)፤ ከሥሩ የዩአርኤል ስትሪም ሃንድለር «ጌት ሆስት አድሬስ»፤ ከሥሩ «ሃሽ ኮድ»፤ ከሥሩ ሃሽ ማፕ «ፑት»። አንድን ነገር ማፕ ውስጥ ለማስገባት ዲኤንኤስ ይጠየቃል ማለት ነው።

የጃቫ ዩአርኤል ሁለት አድራሻ እኩል መሆኑን ሲያይ፣ ሃሽ (ማፕ ውስጥ ቦታውን የሚወስን ቁጥር) ሲያሰላም፣ የሆስቱን ስም ወደ አይፒ ለመቀየር ይሞክራል። ለኤችቲቲፒ ያኔ የሆነ ሐሳብ ነበረው ይሆናል። ለእኛ ግን «ማኅደር1» የሰርቨር ስም አይደለም፤ ለሃንድለሩ ብቻ ትርጉም ያለው መለያ ነው። አሮጌው ሰርቨር ላይ እነዚህ ስሞች ሆስትስ ፋይሉ (ሰርቨሩ ላይ ያለ የስምና የአይፒ ዝርዝር) ውስጥ ተጽፈው ነበር። ለዚህ ነው ፍጥነቱ ያልተነካው። አዲሱ ላይ የሉም። ያ የተነካው ፋየርዎል ደግሞ ለዲኤንኤስ ጥያቄው መልስ አይሰጥም፤ ጊዜው እስኪያልቅ ያስጠብቃል። ጃቫ ያልተሳካ ፍለጋን የሚያስታውሰው በመደበኛው ለ10 ሰከንድ ብቻ ነው፣ ከዚያ እንደገና ይጠይቃል።

ስሞቹን ሆስትስ ፋይል ውስጥ መልሶ መጻፍ ይቻል ነበር። እኔ አልወደድኩትም፤ ነገ ሌላ ሰርቨር ሲተከል ያው ይደገማል። ሃንድለሩ ውስጥ «ጌት ሆስት አድሬስ»ን ኦቨርራይድ አድርገን ነል እንዲመልስ አደረግን። ነል ሲያገኝ ጃቫ የሆስቱን ስም እንደ ጽሑፍ ያወዳድራል፤ እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ማፖቹ ውስጥም ቁልፉ ከዩአርኤል ወደ ዩአርአይ ተቀየረ። ዩአርአይ፣ አድራሻን እንደ ጽሑፍ ብቻ የሚይዘው ክላስ፣ ዲኤንኤስን አይጠይቅም። ሁለተኛው ለብቻው ይበቃ ነበር፣ ግን ነገ ሌላ ሰው ዩአርኤልን ሴት ውስጥ እንዳይከት የሚከለክለው ነገር ስለሌለ ሁለቱም ይኑሩ ተባለ።

በመጨረሻ የተወሰነው

ሌሊት የሚሠራ፣ ቶምካት የሌለበት የኮማንድ ላይን ፕሮግራምም አላቸው። እዚያ «አድ ዩዘር ፋክተሪ» የለም። ለእሱ ሌላ መንገድ ወሰድን፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። የዩአርኤል ኮንስትራክተር ሃንድለሩን በቀጥታ የሚቀበልበት ቅርጽ አለው። ኮንቴክስቱን ነል፣ ቀጥሎ አድራሻውን፣ ቀጥሎ ሃንድለሩን ትሰጠዋለህ። ፋክተሪ የለ፣ ፕሮፐርቲ የለ፣ ሎደር የለ፤ ጃቫ ምንም አይፈልግም፣ የሰጠኸውን ይጠቀማል። የተፈጠረው ዩአርኤል ወደ ማንኛውም ላይብረሪ ሊተላለፍ ይችላል።

ወሰን አለው። ላይብረሪው አድራሻውን በስትሪንግ ተቀብሎ ዩአርኤሉን ራሱ የሚፈጥር ከሆነ አይሠራም። ዩአርኤሉ ሲሪያላይዝ ተደርጎ (ወደ ባይት ተቀይሮ) ወደ ሌላ ጄቪኤም ቢላክም ሃንድለሩ አብሮ አይሄድም፤ የተቀበለው ጄቪኤም እንደገና ይፈልጋል፣ ካጣም ያው «አንኖውን ፕሮቶኮል» ይመጣል። ስለዚህ የተወሰነው እንዲህ ነው። ቡድኑ በራሱ በሚጽፈው ኮድ ሁሉ ሃንድለሩ በቀጥታ ይሰጣል፤ ይህም በአንድ ትንሽ ክላስ ውስጥ ተሰብስቧል። ፋክተሪው የቀረው ስትሪንግ ብቻ ለሚቀበለው ለሪፖርት ላይብረሪው ነው። ጄቪኤሙን በሙሉ የሚነካ ምዝገባ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ የሚወሰድ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ቦታው አንድ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደሚይዘው ደግሞ ከላይብረሪ ማሻሻያ ጋር ሊቀየር ይችላል።

ፕሮፐርቲው ከማስነሻ ስክሪፕቱ ወጣ። የሰርቪስ ፋይሉም ተሰረዘ። ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ፣ ሰርቨር ላይ የማይሠራ ነገር ኮዱ ውስጥ መቆየት የለበትም፤ ነገ የሚመጣን ሰው ያሳስታል። ፋክተሪው ከሚመዘገብበት መስመር በላይ ለምን እዚያ እንደሆነ፣ ለምን ሌሎቹ መንገዶች እንዳልተመረጡ በአጭሩ ተጽፏል።

ቴስቱም ተቀየረ። ድሮ ዩኒት ቴስቶቹ በሙሉ አረንጓዴ ነበሩ፤ የሚነሱት ግን ሁሉ ነገር በአንድ ሎደር ሥር ባለበት ሁኔታ ነው። እንዲህ ያለው ቴስት ይህን ችግር መቼም አይዘውም። አሁን ትልቁ ጃር ከተሠራ በኋላ እንደ ሰርቨሩ በ«ሰረዝ ጃር» ይነሳል፣ አንድ የሰነድ አድራሻ ይፈጥራል፣ አንድ ፋይል ከፍቶ የመጀመሪያዎቹን ባይቶች ያነባል። ካልቻለ ወደ ሰርቨሩ አይሄድም።

የቀረ ሥራ አለ። ቡድኑ ወደ ጃቫ 21 ሊሄድ ነው። ከጃቫ 20 ጀምሮ የዩአርኤል ኮንስትራክተሮች ዴፕሪኬትድ (መጠቀም የማይመከር) ተብለዋል፤ ይሠራሉ፣ ግን ኮምፓይለሩ ያስጠነቅቃል። ምትካቸው «ዩአርኤል.ኦፍ» ነው፤ ዩአርአይና ሃንድለር ይቀበላል። ዩአርአይ ደግሞ ከዩአርኤል ይልቅ ጥብቅ ነው፤ ባዶ ቦታ ያለበትን አድራሻ አይቀበልም። ዳታቤዙ ውስጥ ስማቸው ባዶ ቦታ ያለባቸው የቆዩ ፋይሎች አሉ፤ መጀመሪያ ላይ ቡድኑ አድራሻውን ሲጠራጠር ያወጣው ዝርዝር ለዚህ ሥራ ተቀምጧል።